«ትንሽ ይነዝራል» የሚባለው ምጣድ

«ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል፤ ጫማ አድርገሽ ጋግሪ።» ይህን ምክር እዚህ ዲመካ ሰምቼዋለሁ፤ ጂንካም፣ አዲስ አበባ ባሉ ዘመዶቼ ቤትም ሰምቼዋለሁ። እናት ለልጇ፣ አማት ለምራቷ የምትሰጠው ምክር ሆኗል። ሊጡ እንዳይቀጥን እንደሚባለው ሁሉ፣ መነዘሩም እንደ ምጣዱ አመል ተቆጥሮ ታልፏል። እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ ነርስ እንጂ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ኮረንቲ በሰው ገላ ላይ የሚያደርገውን ለማየት ዕድሜዬ በቅቷል። ሰፈራችን ውስጥ ምድጃና ምጣድ የሚጠግን ወጣት አለ፤ የቀረውን እሱ አስረድቶኛል።

ነገሩ እንዲገባኝ ያደረገው በውሃ ነው። ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጠ በርሜል አስቡ። ውሃውን ወደ ታች የሚገፋው ግፊት ቮልት ነው፤ በቧንቧው የሚያልፈው የውሃ መጠን አምፔር ነው፤ የቧንቧው ጥበት ደግሞ ኦም ይባላል። ግፊቱን በሚያልፈው መጠን ብናባዛ ዋት እናገኛለን፤ ሙቀት የሚሆነውም እሱ ነው። ወደየቤታችን የሚመጣው 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ለ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይሆናል። ባለ 10 ዋት አምፖል 350 በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው! እዚሁ ኦሞ ወንዛችን ላይ፣ ከእኛ በላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ሙሉ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ያ ሁሉ ግድብ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው ግማሽ ሚሊዮን ከሚያህል ምጣድ ብዙም አይበልጥም። ጣሪያ ላይ ያለች ባለ 100 ዋት የፀሐይ ፓኔል ለምን እንጀራ እንደማትጋግር ለሚጠይቁኝ የልጅ ልጆችም መልሱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ኮረንቲ በቀጭን ገመድ ሲያልፍ ገመዱ ራሱ ምጣድ ይሆናል። ሶኬቱ ከጠቆረ፣ ገመዱ በእጅ ሲዳሰስ ከሞቀ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ነገሩ አልቋል፤ ማጥፋት ነው። ለምጣድ የሚዘረጋው ሽቦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ለአምፖል የሚዘረጋው 1.5 ፈጽሞ አይበቃውም። ቴሌቪዥንና ስልክ የሚሰካበት ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ቤት ለማቃጠል የተመቸ መንገድ ነው። ገመድ በገመድ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልም እንደዚያው ነው፤ የላላ መጋጠሚያ ከሁሉ በላይ የሚግለው እሱ ነውና።

ሌላም አለ። የምጣዱ ሽቦ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ቆርጠው ያያይዙታል። ሽቦው ሲያጥር ጥበቱ ይቀንሳል፤ የሚያልፈው ኮረንቲ ይጨምራል። ከአሥር እጁ አንዱ ቢቆረጥ 3,500 የነበረው ዋት 3,900 ገደማ ይደርሳል። «ከተጠገነ ወዲህ ፈጥኖ ይሰማል» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። በዓል ሲቃረብ ምጣዱ የሚለግመው ደግሞ ሰው ሁሉ ስለሚጋግር ነው። ቮልቱ ወደ 180 ከወረደ ሙቀቱ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። በምጣዱ ጥፋት የለበትም፤ አታስፈቱት።

ወደ መነዘሩ ልመለስ። ሽቦው ያለው ከሸክላው ሥር በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ነው። ሸክላ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ይሰነጠቃል። ሽቦው ከቦዩ ወጥቶ የቆርቆሮውን አካል ሲነካ ወይም እርጥበቱ ሲያገናኛቸው ኮረንቲው ወደ ቆርቆሮው ይሾልካል። ቆርቆሮውን የነካ ሰው መሬት ላይ ከቆመ መንገዱ እሱ ይሆናል። መነዘር ማለት ኮረንቲው አሁን በእናንተ ውስጥ እያለፈ ነው ማለት ነው።

አንድ ሚሊ አምፔር ገደማ ሲያልፍ ነዘር ያደርጋል። ወደ አሥር ሲደርስ ጡንቻ ይኮማተራል፤ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። ከ30 በላይ ሆኖ ጥቂት ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ዛሬ ትንሽ የነዘረው ነገ ሊገድል የሚችለው ለምንድን ነው? የደረቀ ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም ይከላከላል፤ የረጠበ ቆዳ ግን አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ነው። 220 ቮልት ለ1,000 ሲካፈል 220 ሚሊ አምፔር ነው። ሊጥ የነካ እጅ፣ ባዶ እግር፣ ውሃ የፈሰሰበት ወለል፤ ማእድ ቤታችን ይህ ነው። ጫማው ያዳነው የጋገረችውን ነው፤ እየዳኸ መጥቶ ቆርቆሮውን የሚይዘው ሕፃን ግን ጫማ የለውም።

«ብሬከር አለን» ትሉኛላችሁ። ተራው ብሬከር ሽቦውን ከቃጠሎ እንጂ ሰውን አይጠብቅም። ባለ 16 አምፔሩ እስኪቆርጥ ድረስ ከ16,000 ሚሊ አምፔር በላይ ማለፍ አለበት። ሰውን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከምጣዱ ቆርቆሮ ተነሥቶ መሬት የሚገባው ሦስተኛው ሽቦ፣ ግራውንድ የሚሉት ነው። የሾለከው ኮረንቲ በሰው ፋንታ በእሱ ይሄዳል። ሶኬቱ ሦስተኛ ጫፍ አለው ማለት ግን ግራውንድ አለ ማለት አይደለም፤ ከግድግዳው ጀርባ ምንም ያልታሰረበት ሞልቷል። የእኛ አገር አፈር ደግሞ በበጋ ድርቅ ይላል፤ ደረቅ አፈር ኮረንቲ በደንብ አይቀበልም። ስለዚህ የሚቀበረው ዘንግ እርጥበት እስኪያገኝ ጠልቆ ይግባ፤ ባለሙያውም በመሣሪያ ይለካው። ሁለተኛው አር ሲ ዲ የሚባለው፣ ቴስት የሚል ቁልፍ ያለው መቁረጫ ነው። የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ ያነጻጽራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ ወዲያው ይቆርጣል። ቁልፉን በወር አንድ ጊዜ ተጫኑት፤ ካልቆረጠ ሞቷል።

አንዲት ጎረቤቴ፣ ለቅዳሜ ገበያ እንጀራ የሚሸጡ አያት፣ የሚነዝር ምጣድ ወደዚያ ወጣት ላኩ። ልጁ ሽቦውን ቀይሮ ሲያበቃ ግራውንድ ካልተቀበረ አልመልስም አለ። «ልጄ፣ እንግዲህ ቅዳሜዬን ልትበላብኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። እውነትም የሳምንት ገቢያቸው ናት። እሱም አልተበገረም፤ ዘንጉን ራሱ ቆፍሮ ቀበረላቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ባለሙያ እመርቃለሁ።

ኮረንቲ ሰው ከያዘ በእጅ አትንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ካልተቻለ በደረቅ እንጨት አላቁት። ትንፋሹ ከሌለ ደረቱ መካከል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ለአዋቂ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃል። ሌላ ሰው መኪና ይፈልግ፤ እናንተ አታቋርጡ። የቃጠሎ ቁስል ካለ፣ ሰውየው ከኮረንቲው ከተላቀቀ በኋላ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፤ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀባ። የኮረንቲ ቁስል ከላይ ነጥብ አክሎ ከሥር ጡንቻውን ያበስላል። ስለዚህ ተነሥቶ ቢሄድም፣ «ደኅና ነኝ» ቢልም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሽንቱ እንደ ቡና ከጠቆረ የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊቱን እያወከ ነው፤ ያን ጊዜ ማደር የለም፣ በዚያው ሰዓት ይሂድ።