የወይን ሐረግ በጓሮ፤ መቼ ይቆረጣል? በምንስ ላይ ይወጣል?

በጓሮው ወይን የተከለ ሰው ሁሉ እሮሮው አንድ ዓይነት ነው። «ቅጠሉ ቤቱን ሸፈነው፤ ፍሬ ግን የለውም» ይላል። ብዙ ጊዜም በመሬቱ እናሳብባለን። መሬቱ ታዲያ ምን አደረገ? ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን በቆየበት ጊዜ፣ በይፋግ አቅራቢያ ባለችው በቃሮዳ የወይን ጠጅ ይጠመቅ እንደ ነበር ጽፏል። ይኼ እኮ የራሳችን የሊቦ ከምከም መሬት ነው!

የሐረጉን ጠባይ ያወቀ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ያገኘዋል። ወይን ፍሬ የሚይዘው ዘንድሮ በበቀለ ለጋ ቀንበጥ ላይ ነው። ያም ቀንበጥ የሚወጣው አምና ባደገው ዘንግ ላይ ካለው ዓይን ነው። አሮጌው ግንድ ተሸካሚ ብቻ ነው። ካልተቆረጠ በየዓመቱ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ዓይኑ ይበዛል፤ ጉልበቱ ግን ለሁሉም አይበቃም። ስለሆነም ከአምናው ዘንግ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መቁረጥ ያስፈልጋል። ካምናው እድገት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ይወድቃል ማለት ነው። ሲያዩት ያስደነግጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። አዲስ ዘመን ያለው የቤታችን ወይን ስድስት ዓመት ሙሉ በኩሽናው ጣራ ላይ ሲንሰራፋ አንድ ዘለላ አላሳየንም። እናቴ ደግሞ የመጀመሪያውን ፍሬ አድርቃ፣ ለቅዳሴ ዘቢብ እንዲሆን ለደብሩ ልትሰጥ ተስላ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአትክልት መጽሐፍ እጄ ገባ። ሙስካዲን ስለሚባለው፣ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በዱር ስለሚበቅለው፣ ቆዳው ወፍራም ስለሆነው ወይን የሚያስተምር ነው። «በዊንተር ቁረጡት» ይላል። መዝገበ ቃላት ገለጥሁ፤ ዊንተር ማለት ክረምት! በሐምሌ ዝናብ መጋዝ ይዤ ጣራ ላይ ወጣሁ።

የነሱ ዊንተር በኛ ታኅሣሥና ጥር ላይ የሚውል፣ ብርዱ ቅጠሉን አርግፎ ሐረጉን የሚያስተኛበት ወራት ነው። የኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ይኼን አይነግርም። በሐምሌ የቆረጥሁት ሐረግ ወዲያው አቆጠቆጠ፤ አበባም አየንበት፤ እናቴ እልል አለች። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ፤ ሻጋታ ነበር። አበባውም ከዝናቡ ጋር ረገፈ። «ዛፌን በመጽሐፍ ገደልኸው» አለችኝ። ሁለት ቀን ምሳ ስታቀርብልኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

እኛ አገር ብርዱ ሐረጉን ስለማያስተኛው፣ ወሩን የምንመርጠው እኛው ነን። በኛ ዘንድ ከተቆረጠ ጀምሮ እስኪበስል አምስት ወር ግድም ይፈጃል። ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ፍሬው ዝናብ ሳይመጣ በመጋቢት መጨረሻ እንዲደርስ፣ በጥቅምት መጨረሻ ይቆረጣል። ከመቁረጡ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ መንፈግ፣ ከተቆረጠ በኋላ ማጠጣት። እኛ በሳምንት ሁለት ጀሪካን እናፈስለት ነበር። በዓመቱ እንደዚህ ባደርግ የተቆረጠው ጫፍ ውሃ አንጠባጠበ። እናቴ «አለቀሰ» ብላ ደነገጠች። ነገሩ ግን ሥሩ በሕይወት መኖሩንና ውሃ ወደ ላይ እየገፋ መሆኑን የሚያሳይ ነው እንጂ ጉዳት የለውም። ዐሥራ አራት ዘለላ ሰጠን። ሦስቱን ወፍ በላብን፤ የቀረው ለፋሲካ ደረሰ፤ ስለቱም ተከፈለ።

አሁን ወደ መደገፊያው እንምጣ። ጣራና ዛፍ ላይ የወጣ ወይን እጅ አይደርስበትም፤ እጅ ያልደረሰበት ደግሞ አይቆረጥም። የሁለት ሜትር ተኩል የባሕር ዛፍ ቋሚ ተዘጋጅቶ፣ ምስጥ እንዳይበላው ሥሩ በእሳት ይለበለብና ስልሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል። በቋሚና በቋሚ መካከል ሦስት ሜትር ይበቃል። በአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ወፍራም ሽቦ ይወጠራል። ፍሬው ሲከብድ ዳርና ዳር ያሉት ቋሚዎች ወደ ውስጥ ስለሚጎተቱ፣ በውስጥ በኩል በባላ መደገፍ አለባቸው። ይኼን ረስቼ አጥሩ ሁሉ ተንጋዶብኛል። ሐረጉ አንድ ግንድ ብቻ ይዞ ሽቦው ድረስ ይወጣል፤ እዚያ ሲደርስ አናቱ ይቀነጠሳል። ከዚያ የሚወጡት ሁለት ክንዶች አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ በሽቦው ላይ ይታሰራሉ። ማሰሪያው ቃጫ ወይም ጨርቅ ይሁን፤ ሽቦ ያንቀዋል። በክንዶቹ ላይ በየስንዝሩ አንድ አንድ ባለ ሁለት ዓይን ጉቶ ይቀራል። በየዓመቱ የሚቆረጠው ወደዚያ ጉቶ ነው። ብርሃንና ነፋስ በመካከሉ ካለፈ ሻጋታው ይቀንሳል፤ ካልሆነም ድኝ በማለዳ ይነሰነስበታል። በጠራራ ፀሐይ ከተነሰነሰ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ተክሉን ከፍሬው ዘር ማብቀል አልመክርም፤ እናቱን ላይመስል ይችላል። እርሳስ የሚያህል ባለ አራት ዓይን ቁራጭ ይወሰድና ሁለቱ ዓይን ከአፈር በታች ይቀበራል። የታችኛውን ጫፍ ቀጥ፣ የላይኛውን ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ አለዚያ ተዘቅዝቆ ይተከላል። ሙስካዲን ግን በዚህ መንገድ በቀላሉ ሥር አይሰድም፤ ብዙዎቹ ዝርያዎችም ሴቴ አበባ ብቻ ስላላቸው ሌላ ሐረግ በአጠገባቸው ይፈልጋሉ። ሙቀት ወዳድ ስለሆነም ለኛ ደጋ አይሆንም።

ደብረ ታቦር ላይስ? ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ነን፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ቀንበጥ ይለበልበዋል። ስሙም ይናገር የለ፣ ወይና ደጋ! እዚህ መሞከር የሚፈልግ ሰው ወደ ደቡብ በሚያይ የድንጋይ ግድግዳ ሥር ይትከል፤ የበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታዘነብል ድንጋዩ ቀን የሞቀውን ሌሊት ይመልሳል። እንደኔ ግምት ከዘለላው ይልቅ ጥላው ይገኛል። ቤታችሁ ወረታ፣ አዲስ ዘመን ወይም ይፋግ የሆነ ግን ምንም ምክንያት የላችሁም። በጥቅምት መጨረሻ የኛን ስቆርጥ ዘጠኙ እጅ የሚጣል ነውና፣ ቁራጭ የሚፈልግ ቀደም ብሎ ይንገረኝ፤ እርጥብ ጆንያ ውስጥ አድርጌ አመጣለታለሁ።