ለበዓሉ ዶሮ፦ ከግሉተን ነጻ ሙሊት በድርቆሽ
ሴሊያክ ያለበት ሰው ቤታችሁ ያለ የአሽቀሎን ወገኖቼ፣ ሮሽ ሃሻና ሲቃረብ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ዶሮዋ ሆድ ውስጥ በዳቦ ፋንታ ምን እንደሚገባ ነው። መልሱ ጓዳችሁ አለ፤ ድርቆሽ።

ጤፍ ግሉተን የለውም። እንጀራው ግን ሊኖረው ይችላል! የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ተቀላቅሎበት ከሆነ አለቀ። እርሾው ራሱ ከድብልቅ ሊጥ የተረፈ ከሆነ ንጹሕ ጤፍ ብታቦኩበትም ዋጋ የለውም። እርሾውን ከንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ ጀምሩ፤ ምጣዱንም ለዩ።

ሦስት እንጀራ ቆራርጣችሁ አድርቁ፤ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። እርጥቡን ከሞላችሁት ገንፎ ሆኖ ይወጣል (እኔ አንዴ ለእንግዳ እንዲያ አድርጌ አቅርቤአለሁ)። ሁለት ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ፤ ከሥጋ ጋር ነውና ቅቤ የለም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ጨምሩ። ድርቆሹን በትንሽ መረቅ አርሱት፣ በአንድ እንቁላል አያይዙት። መረቁን አጥንት ቀቅላችሁ ራሳችሁ አውጡ፤ የታሸገው የሾርባ ዱቄት ስንዴ ሊኖርበት ይችላል። ዶሮዋን ሳትጠቀጥቁ ሙሉ፤ የሙሊቱ መሐል 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ከምድጃ አውጡ።

በርበሬ ከጨመራችሁ ግን ዱቄት እንዳልተቀላቀለበት ሻጩን ጠይቁ።