ጠጕርን በገዛ እጅ ስለ መጐንጐንና ፈሩን ስለ መጠበቅ

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሴት ልጅ ጠጕሯን የምትሠራው በሌላ ሰው እጅ ነው። ተሠሪዋ በምንጣፍ ወይም በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ሠሪዋም ከበስተኋላዋ ከፍ ብላ ተቀምጣ ራሷን በጕልበቶቿ መካከል ትይዝላታለች፤ ሚዶውና ቅቤው በአጠገባቸው ይቀመጣል፤ ሥራው እስኪፈጸም ድረስም የሠፈሩ ወሬ ሁሉ ይወራል። ስለዚህ ጠጕርሽን ራስሽ ሥሪ ማለት ለብዙ ወይዛዝርት እንግዳ ነገር ሆኖ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ባሏ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲዛወር አብራው የሄደች፥ ወይም ለትምህርት ከዘመድ የተለየች፥ ወይም ጠጕሯን የምትሠራላት በሞት የተለየቻት ሴት ምን ታድርግ? ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሦስተኛው ነው።

የባለቤቴን ጠጕር ከልጅነቷ ጀምሮ የሚሠሩላት እናቷ ነበሩ። ትዳር ከያዝን በኋላም ቢሆን በየበዓሉ ዋዜማ እርሳቸው እየመጡ ወይም እርሷ እየሄደች ይህ ልማድ አልተቋረጠም ነበር። እኒያ ደግ ሴት ባረፉ ጊዜ ባለቤቴ ጠጕሯን ፈትታ ለሐዘን ተቀመጠች፤ ሐዘኑም ካለፈ በኋላ ሻሹን ከራሷ አላወረደችም። ጎረቤቶች እኛ እንሥራልሽ ቢሏት እሺ አላለችም። ብዙ ወራት እንዲህ ከሆነ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ በመስተዋት ፊት ተቀምጣ ራሷ ስትሞክር አገኘኋት። ጕንጕኑ ደኅና ነበር፤ ፈሩ ግን ያልተገሩ በሬዎች እንዳረሱት እርሻ ወዲያና ወዲህ ይዞር ነበር። ፈትታ ሻሹን እንደ ገና ለማሰር ስትነሣ እጅዋን ያዝሁ።

ፈር የምለው ጠጕር ለሁለት ሲከፈል በመካከል የሚታየውን የራስ ቆዳ መሥመር ነው። ይህ መሥመር ጠማማ ከሆነ ወይም ከተሸፈነ፥ ጕንጕኑ ምንም ያህል ቢያምር ሥራው ያልተፈጸመ ይመስላል።

ወንድ ሆኖ ስለ ጠጕር ሥራ ይጽፋል ብሎ የሚነቅፈኝ ቢኖር፥ የሶምሶን ጠጕር በሰባት ጕንጕን የተሠራ እንደ ነበረ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 16 ይመልከት። የዐፄ ቴዎድሮስንም ሹሩባ የማያውቅ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ከራሳቸው ላይ የተቈረጠው ጠጕር በለንደን ከሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ነው።

ፈረንጆች የፈረንሳይ ጕንጕን የሚሉት፥ በሦስት ዘለላ ተጀምሮ በየመሻገሪያው ከራስ ላይ ጥቂት ጥቂት ጠጕር እየተጨመረበት ወደ ማጅራት የሚወርደውን ነው። ይህ ስም በአሜሪካ ይታተም በነበረ የቤተሰብ መጽሔት ላይ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1871 ተጽፎ ይገኛል። ሥራው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሹሩባም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። ልዩነቱ፥ በፈረንሳዩ የዳሩ ዘለላ በመካከለኛው ላይ ስለሚያልፍ ጕንጕኑ ለጥ ብሎ ይተኛል፤ በሹሩባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ስለሚያልፍ እንደ ገመድ ከፍ ብሎ ይታያል። በገዛ እጅዋ ለምትጀምር ሴት ሁለት ወፍራም ጕንጕን፥ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፥ በመካከልም አንድ ፈር ይበቃታል። ቀጫጭኑን ሹሩባ ግን የሌላ እጅ ካልረዳ ማንም በቀላሉ አይወጣውም።

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ ጸሐፊዎች ብራና ሲያሰምሩ አይ ነበር። ጸሐፊው እጁን አምኖ መሥመሩን ዝም ብሎ አይስብም፤ አስቀድሞ በወስፌ በብራናው ጠርዝ በግራና በቀኝ ነጥብ ይወጋል፤ ከዚያም ከነጥብ ወደ ነጥብ ያሰምራል። ለባለቤቴ የነገርኋት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ነጥብ በግንባር ላይ በአፍንጫ ትይዩ ነው፤ ሁለተኛው በአናት መካከል፥ ሦስተኛው በማጅራት ጕድጓድ ላይ ነው። የግራ እጅ ጣት በሚቀጥለው ነጥብ ላይ ይቀመጥና፥ የሚዶው ሹል ጫፍ ከቆዳው ሳይለቅ ወደዚያ ጣት ይሳባል። ጠጕሩም አስቀድሞ በውሃ ወይም በጥቂት ቅቤ ይለስልስ፤ ደረቅ ጠጕር መሥመሩን እየዘለለ ይሻገራልና። የኋላውን ለማየት ሁለት መስተዋት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን ከበስተኋላ መያዝ የእኔ ሥራ ሆነ።

ፈሩ ከወጣ በኋላ አንዱ ወገን በክር ታስሮ ይለያል። ይህን ቸል ያለች ሴት ሳታውቅ ከወዲያኛው ወገን ጥቂት ጠጕር ትስብና ፈሩ ይሸፈንባታል። ጕንጕኑ በፈሩ ጠርዝ ላይ አይጀመርም፤ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ከግንባሩ ጠጕር ይጀመራል እንጂ። በየመሻገሪያው ጠጕር ሲጨመር በጆሮ በኩል የሚመጣው በዛ ቢል አይጐዳም። በፈሩ በኩል የሚመጣው ግን ቀጭን ሆኖ ልክ ከመሥመሩ ላይ ይነሣና፥ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይዘም በቀጥታ ከፈሩ ወደ ጕንጕኑ ይበጠራል። ፈር የሚጣመመው አብዛኛውን ጊዜ ጠጕሩ አግድም ሲጐተት ነው። እጆችም ከራስ ቆዳ አይራቁ፤ ከራቁ ጕንጕኑ ይላላና በፈሩ በኩል ያለው ጠጕር አብጦ መሥመሩን ይሸፍነዋል።

መስተዋት ለፈር ማውጫ ይጠቅማል እንጂ ለመጐንጐን አይጠቅምም። ቀኙን ግራ እያስመሰለ እጅን ያሳስታል። ባለቤቴ የተሳካላት ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ መዳሰስ ከጀመረች በኋላ ነው። ክንድ ሲዝል ሦስቱን ዘለላዎች በአንድ እጅ ይዞ ክርንን በጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ነው። ራስንም በጣም ማጐንበስ አይገባም፤ አጐንብሰው የጐነጐኑት ቀና ሲሉ በማጅራት ላይ ይላላል። ከማጅራት በታች የሚጨመር ጠጕር የለምና እስከ ጫፉ ተጐንጕኖ ይታሰራል።

ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ፈሩ እንዲጐላ ብሎ ጠጕርን አጥብቆ መጐተት ትልቅ ጕዳት ያመጣል። የራስ ቆዳ ሲያም፥ ግንባር ሲወጠር፥ በጠጕሩ ሥር ትናንሽ ብጕር ሲወጣ፥ ያን ጊዜውኑ መፍታት ያስፈልጋል። ይህ ሁኔታ ለብዙ ጊዜ ከቀጠለ ጠጕር ከግንባርና ከጆሮ ግንድ አካባቢ እየሸሸ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቢተው ተመልሶ ይበቅላል፤ ሥሩ ከጠባሰሰ በኋላ ግን አይመለስም። ሕፃናት ልጆቻችሁን ተሠርተው ሲያለቅሱ ውበት ያለ ሥቃይ አይገኝም ብላችሁ ዝም የምታሰኙ እናቶች፥ ይህን አስቡበት። ፈሩንም ዘወትር በአንድ ቦታ ከማውጣት አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ መልካም ነው፤ በአንድ ቦታ ብቻ የሚወጣ ፈር ከዘመን ወደ ዘመን እየሰፋ ይሄዳልና።

ባለቤቴ ሥራዋን የፈጸመችው በአራተኛው ቅዳሜ ነው። የግራው ጕንጕን ከቀኙ በመጠኑ ከፍ ብሎ ነበር፤ ፈሩ ግን ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር። በማግሥቱ ሻሹን ትታ ነጠላዋን ብቻ ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን ገለጥ አድርገው አዩና፥ «ማን ሠራሽ?» ብለው ጠየቋት። «እማማ» አለቻቸው። ሴትዮዋም ሌላ ነገር አልጠየቋትም።