ላፕቶፑን «ፎርማት» ከማድረጋችሁ በፊት

ብዙዎቻችሁ ማንም ሳይሾማችሁ የቤቱ ቴክኒሻን ሆናችኋል። እማዬ ከሳሎን ትጣራለች፦ «ልጆች፣ እስቲ ኑ! ይሄ ላፕቶፕ አልነሣ አለኝ።» ቡና ሊጠጡ የመጡት አጎት ደግሞ ገና ሳያዩት መፍትሔ ይሰጣሉ፦ «ፎርማት ይደረግ!»

«ፎርማት ይደረግ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ላፕቶፑን ያስነሣዋል። ነገር ግን የአያታችሁ ፎቶዎች፣ የክርስትናው ቪዲዮ፣ የአባታችሁ የሥራ ወረቀቶችም አብረው ይጠፋሉ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። እሷስ ያፈሰሰችውን ለቀመች፤ በፎርማት የጠፋ ፎቶ ግን ብዙውን ጊዜ አይለቀምም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ መመርመር፣ ቀጥሎ ፋይሎቹን ማውጣት፣ በመጨረሻ እንደ አዲስ መጫን።

ቀላሉን አስቀድሙ

ላፕቶፑ ላይ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፦ ቻርጀሩን፣ ፍላሹን፣ ማውሱን፣ ፕሪንተሩን። የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ አብሩት። ምንም መብራት ካልታየ ሌላ ሶኬት፣ ከተገኘም ለላፕቶፑ የሚሆን ሌላ ቻርጀር ሞክሩ።

ላፕቶፑ እየሠራ ስክሪኑ ከጨለመ፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል ከመጣ፣ የተበላሸው ስክሪኑ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን የተበላሸ ስክሪን አይጠግንም።

ዊንዶውስ 10 እና 11 በተደጋጋሚ መነሣት ሲያቅታቸው የጥገና ገጽ በራሳቸው ይከፍታሉ። እዚያ «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለውን ምረጡ። ካልሠራ «ሴፍ ሞድ»ን ሞክሩ፤ በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ የሚነሣው የግድ በሚያስፈልጉት ነገሮች ብቻ ነው። እንዲህ ከተነሣ፣ ችግሩ በቅርቡ የተጫነ ፕሮግራም ሊሆን ስለሚችል እሱን አጥፉት።

ፋይሎቹን አውጡ

ዊንዶውስ አልነሣም ማለት ፋይሎቹ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። በሌላ ኮምፒውተር ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሲስተም ፍላሽ ላይ አዘጋጁና ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሡት። ሲስተሙን ላፕቶፑ ላይ አትጫኑት፤ ከፍላሹ ላይ ሆኖ ይሠራል። ከዚያ ፎቶዎቹንና ሰነዶቹን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ኮፒው በትክክል መድረሱን ለማወቅም ጥቂቶቹን ከፍታችሁ እዩ።

ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ትጠየቃላችሁ። ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ላፕቶፑን ወዲያው አጥፉትና ለባለሙያ ስጡ። እየተበላሸ ያለ ዲስክ በሠራ ቁጥር የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

እንደ አዲስ መጫን

የዊንዶውስ መደበኛ ድጋፍ ለ10 በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ላፕቶፑ ከቻለ 11ን መጫን ይሻላል። 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታ እና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ይፈልጋል።

መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ አዘጋጁ። ፍላሹ ላይ የነበረው ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ይሁን። ፋይሎቹን ያወጣችሁበትን ሃርድ ዲስክ ንቀሉት፤ በስህተት እሱኑ እንዳታጠፉት። ቻርጀሩ ግን እስከ መጨረሻው እንደተሰካ ይቆይ።

የመጨረሻውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት እናታችሁን አንድ ጊዜ ጠይቋት፦ «እማዬ፣ እዚህ ውስጥ የሚያስፈልግሽ ምን አለ?» «ምንም የለም» ብትል እንኳ፣ ኮፒ ያደረጋችኋቸውን ፎልደሮች አብራችሁ ክፈቱ። የረሳችው ነገር ሊኖር ይችላል። የምትፈልገው ፎቶ ከሌለ፣ ለመፈለግ አሁንም ጊዜ አለ።

ሁሉም ሲያልቅ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የአማርኛ ኪቦርድ ከሴቲንግስ ጨምሩላት። ለዘመድ መልእክት ስትጽፍ ከእንግዲህ በላቲን ፊደል አትቸገርም።