አንድ አፈር፣ ሁለት ወንድማማቾች፦ ስለ አስም፣ ስለ አለርጂና በዘር ስለሚወረስ እብጠት

የካ ክፍለ ከተማ ከቀበናና ከመገናኛ ሠፈሮች ተነሥቶ በሰሜን በኩል ወደ እንጦጦ ተራሮች ይወጣል። በዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው የደጋውን ብርድ፣ ሴቶች ከተራራው ተሸክመው የሚያወርዱትን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ጢስ፣ አቧራውንና የተሽከርካሪውን ጭስ በየዕለቱ ይተነፍሳል። ይሁን እንጂ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ካደጉ ወንድማማቾች አንዱ ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር እያለ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው በሰላም ያድራል። በወላይታና በጎጃም ደጋማ መንደሮችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉ ሁለት ወንድማማቾች የአንዱ እግር ሲያብጥ የሌላው ይተርፋል።

ይህን ልዩነት በኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ከመረመሩት ባለሙያዎች አንዷ ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪ ናቸው። እኚህ እንግሊዛዊት የኤፒዴሚዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል አስተምረዋል። ምርምራቸው ከአስምና ከአለርጂ ተነሥቶ በዘር ተጋላጭነት ላይ ወደሚመሠረት የእግር እብጠት ተሸጋግሯል። ሁለቱ ሕመሞች ሲታዩ የተራራቁ ቢመስሉም፣ የአካባቢና የዘር ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ መለየት ለሁለቱም የሚያስፈልግ ጥናት ነው።

አስምና ትላትሎች

አለርጂ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጉዳት በማያደርስ ነገር ላይ ከመጠን በላይ ሲቆጣ የሚከሰት ሁኔታ ነው። የቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተባዮች፣ የአበባ ብናኝ ወይም የእንስሳት ፀጉር ቁጣውን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ቁጣው በአየር ቧንቧዎች ላይ ሲያርፍ ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፣ ይጠባሉ፣ አክታም ይበዛባቸዋል። አብዛኛው አስም የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ኃይሌ የማነብርሃንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በጅማ ከተማና በአካባቢው ገጠር ያካሄዱት ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ ነበር። በጥናቱ 9,844 የከተማና 3,032 የገጠር ነዋሪዎች ተጠይቀዋል። ባለፈው አንድ ዓመት ደረታቸው ሲር ሲር ይል የነበረው ከከተማው 3.7 በመቶ፣ ከገጠሩ ግን 1.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያው ከጅማ የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ብዛት ያለው የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ይህ ምልክት በአንጻሩ እንደሚያንስባቸው አመለከተ። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ለመቆየት ሲል የመከላከያ ሥርዓቱን ያረጋጋል፣ ይህም የአለርጂን ቁጣ ሳይቀንስ አይቀርም የሚል ነው። ይህ ማለት ግን ትል መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። የመንጠቆ ትል ደም እየመጠጠ ለደም ማነስ ስለሚዳርግ መታከም ይኖርበታል።

ፕሮፌሰር ዴቪ ከየማነ ብርሃኔና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ጥያቄውን ወደ ቡታጅራ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናታቸው ከ7,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ፓራሲታሞል አዘውትረው በሚወስዱ ሰዎች ላይ የአለርጂ ምልክቶች በርከት ብለው መገኘታቸውን ዘገበ። ሆኖም ግንኙነት መኖሩ ብቻ መንስኤነትን አያረጋግጥም፤ ምክንያቱም አስም ያለበት ሰው በጉንፋንና በትኩሳት ስለሚጠቃ መድኃኒቱን ይበልጥ ሊወስድ ይችላል። የቱ እንደሚቀድም ለመለየት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ 1,065 ነፍሰ ጡር ሴቶች ተመዝግበው ልጆቻቸው ከልደት አንሥቶ ክትትል ተደረገላቸው። በአለማየሁ አምበርብር መሪነት እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ውጤትም ግንኙነቱ በሕፃናቱ ላይ መታየቱን አሳየ። ክርክሩ በዚህ አልተቋጨም። ለወላጆች የሚሰጠው ምክር ግን ግልጽ ነው፤ ፓራሲታሞል ለትኩሳትና ለሕመም በታዘዘው መጠን ይሰጣል፣ ያለ ምክንያት ግን አይዘወተርም።

ከደረት ወደ እግር

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ዝሆኔ ተብሎ የሚታወቀው የእግር እብጠት ሁልጊዜ በትንኝ ከሚተላለፈው የፊላርያ ትል የሚመጣ አይደለም። በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ኧርነስት ፕራይስ አንደኛው ዓይነት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድተው፣ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጡለት። ከአፈሩ የሚገኙ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፣ የሊምፍ ቧንቧዎችንም ያስቆጣሉ። ከዓመታት በኋላ ቧንቧዎቹ ይደፈናሉ፣ እግሩም እያበጠ ይሄዳል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወላይታ የተደረገ ጥናት ከነዋሪው 5.46 በመቶ የሚሆነው በሽታው እንዳለበት አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ፋሲል ተኮላ፣ ዳመን ኃይለ ማርያምና ዴቪ በዚያው ዞን ብቻ በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያደርስ አስሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው አገር አቀፍ ቅኝት፣ ከበደ ደሪቤ የመሩት፣ በ659 ወረዳዎች ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎችን አካትቷል። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ 4 በመቶው በበሽታው ተይዘው ተገኝተዋል።

የወንድማማቾቹን ልዩነት የሚመለከተው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ተመራማሪዎቹ የ59 ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ በበርካታ ትውልድ ተከታትለው፣ የታማሚ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ያህል መሆኑን አገኙ። በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶ ያህሉም ከዘር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር የታማሚ ልጅ 63 በመቶ የመታመም ዕድል አለው ማለት አይደለም፤ የሚገልጸው በሕዝቡ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት የዘረመል ጥናት ደግሞ ተጋላጭነቱን ኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት ከሚባለው የዘረመል ክልል ጋር አያያዘው። ይህ ክልል የመከላከያ ሴሎች ባዕድ ነገርን እንዲለዩ የሚረዳ ነው። ስለዚህ የእግሩ እብጠትም እንደ አስም ሁሉ ሰውነት ለአካባቢው በሚሰጠው መልስ ላይ የተመሠረተ ይመስላል።

ዘር ብቻውን የሚበቃበት እብጠት

ከነዚህ ሊለይ የሚገባው በዘር የሚወረስ አንጂዮኤዴማ ነው። በዚህ ሕመም ሲ1 ኢንሂቢተር የተባለው ፕሮቲን በመጉደሉ ወይም በአግባቡ ባለመሥራቱ ብራዲካይኒን የተባለው ንጥረ ነገር ይበዛል፣ ፈሳሽም ከደም ሥሮች ይወጣል። ከንፈር፣ ፊት፣ እጅ፣ አንጀት ወይም ጉሮሮ ሊያብጥ ይችላል። ሽፍታና ማሳከክ አብረው አይመጡም። ዘረመሉን የተሸከመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያስተላልፍበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ሕመሙ ብርቅ ቢሆንም ሊዘነጋ አይገባም። የተለመዱት የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ማለትም አድሬናሊን፣ ፀረ ሂስታሚንና ኮርቲዞን፣ ለዚህ እብጠት አይሠሩም፤ የጉሮሮ እብጠት ደግሞ ይገድላል። እብጠቱ የሚደጋገምበትን ሰው ስለ ቤተሰቡ መጠየቅ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

በዘር መሆኑ ምን ማለት ነው

በብዙ መንደሮች የእግር እብጠት በደም የሚወረስ ነው በሚል ከታማሚው ቤት ጋብቻ አይፈጸምም፤ ልጆችም ያለ በደላቸው ይገለላሉ። ጥናቶቹ የተጋላጭነትን መወረስ አልካዱም። ነገር ግን ዘሩ ያለ አፈሩ በሽታ አያመጣም፤ ተጋላጭ የሆነ ሕፃን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን በሳሙና ቢታጠብ ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። እግሩ ያበጠበትም ሰው ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ፣ እግርን በየዕለቱ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ካልሲና ጫማ ማድረግ ትኩሳት ያለበትን አጣዳፊ የእግር ሕመም በ19 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል።

ይህ ሁሉ በየካ ለሚገኙት ጤና ጣቢያዎችና ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ባለሙያዎች የሚሰጠው ትርጉም ተግባራዊ ነው። ከገጠር ለመጣ እግሩ ላበጠ ሰው የዘመዶቹን ታሪክ መጠየቅና ልጆቹ ጫማ እንዲያደርጉ መምከር ያስፈልጋል። ደረቱ ሲር ሲር ለሚል ሕፃን ወላጆች የታዘዘው የሚሳብ መድኃኒት ሕመሙ ሲቀል እንዳይቋረጥ ማስረዳት፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓትም ልጁን ከጢሱ ማራቅና ጢሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ መክፈት እንዳለባቸው መንገር ይገባል። የወላጆቻቸውን ዘር መለወጥ የማይችሉ ልጆች በእነዚህ ቀላል እርምጃዎች ትንፋሻቸውንና እግራቸውን ጠብቀው ማደግ ይችላሉ።