ጣራ ጠጋኝ በጥቅምት ምን ይበላል?

ስለ ሥራ ፈጠራ በየአዳራሹ ብዙ ንግግር ሰምተናል። ንግግሩ መልካም ነው። ነገር ግን ተናጋሪዎቹ ሥራ እንዴት እንደሚጀመር እንጂ ሥራ በሚጠፋበት ወር እንዴት እንደሚታደር ሲነግሩን አላጋጠመንም። እኛ ይህን የተማርነው በቆርቆሮ ጣራ ላይ ነው። ስለዚህ የደረሰብንን ሳንደብቅ፣ ያወቅነውንም ሳናካብድ በዚህች መጽሔት ልንገልጥላችሁ አሰብን።

እኛ ሦስት የኮልፌ ቀራንዮ ልጆች ነን፤ ሰፈራችን ከቆሼ ብዙ አይርቅም። ቆሼን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በመዝገብ ስሙ ረጲ የሚባለው፣ ወደ 36 ሄክታር የሚሆን መሬት የያዘው የአዲስ አበባ የቆሻሻ ተራራ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጣያ ሲሆን ቦታው ከከተማው ውጭ ነበር፤ ከተማው ግን ቀስ በቀስ መጥቶ ከበበው። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ላይ ደግሞ ከጎኑ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ለጣራ ጠጋኝ ይህ አካባቢ ገበያም መጋዘንም ነው። ገበያ የሆነው ዙሪያውን ያሉት ቤቶች ጣራቸው አሮጌ ቆርቆሮ ስለ ሆነ ነው። መጋዘን የሆነውም «ቆራሌው!» እያሉ በየበሩ የሚዞሩት ሰዎች ከፈረሰ ቤት የወጣውን ቆርቆሮ ስለሚያመጡ ነው፤ ለጣራ የማይሆነው ተርፎ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ምድጃ ይሆናል።

በመጀመሪያው ዓመት በግንቦት ወር አንድ መሰላል፣ ሁለት መዶሻ፣ አንድ የቆርቆሮ መቀስና አንድ ጣሳ ሬንጅ ይዘን ጀመርን። ሰኔ ሲገባ ሰው ሁሉ እንደ ሐኪም ይጠራን ጀመር። እኛም ሥራው የማያልቅ መስሎን ከ11 ቤት ቀብድ ተቀበልን። ሰባቱን ጨረስን። በአራቱ ላይ ሐምሌ ደረሰብን። አንዲት እናት ከአልጋቸው አጠገብ ሳፋ ደቅነው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ቀብዴን በላችሁ፤ ዝናቡ አልጋዬን በላው» ሲሉን የምንገባበት ጠፋን። ገንዘባቸውን ተበድረን መለስን። በጥቅምት ኪሳችን ባዶ ስለ ነበር ለትራንስፖርትና ለጽሑፍ ማባዣ ብለን መሰላሉን ሸጥነው። በሚቀጥለው ግንቦት ሌላ መሰላል ስንገዛ በሸጥንበት ዋጋ እንዳልሆነ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ነው ከቆሼ በታች በመንገድ ዳር አሮጌ ቆርቆሮ ሲያቀኑ የምናያቸውን አንድ ሽማግሌ ጣራ ጠጋኝ ቀርበን፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በጥቅምት ምን ይበላሉ?» ብለን የጠየቅናቸው። ሳቁብን። «በጥቅምትማ ዋናውን ሥራዬን ነው የምሠራው። በሰኔ የምታዩኝ ገንዘቤን ስሰበስብ ነው» አሉን።

ቆርቆሮ ለምን እንደሚያፈስ ያወቀ ሰው ይህ አነጋገር ቶሎ ይገባዋል። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል። ከሥሩ ያለው የባሕር ዛፍ ሞራሌ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እርጥብ ሳለ ስለሚመታ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። በሁለቱ መካከል የሚንገላታው ምስማሩ ነው፤ ከዓመት ወደ ዓመት ብቅ እያለ ቀዳዳውን ያሰፋል። ምስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ተመትቶ እንደ ሆነ ውሃው በጎን ስለሚያልፍ ጉዳቱ ይዘገያል። በጎድጓዳው ላይ ከተመታ ግን የውሃው መንገድ ራሱ ተበሳ ማለት ነው። ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ ነው። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ የሚጫንበት ድንጋይ ይህን ልባስ ይፍቀዋል፣ ከሥሩም እርጥበት ያቁራል፤ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። በአሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ቅጠልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በዝናብ ጊዜ የሚያፈሰውን ቦታ ማግኘት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚታየው ውሃው የሚወርድበት እንጂ የሚገባበት አይደለም። ውሃ በቀዳዳው ገብቶ ሞራሌውን ተከትሎ ሁለት ሦስት ክንድ ከተጓዘ በኋላ ሊንጠባጠብ ይችላል። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ከጠብታው ትይዩ ጣራ ላይ እየወጣን ደኅናውን ቆርቆሮ ሬንጅ ስንቀባ ከረምን! በጥቅምት እኩለ ቀን ላይ ግን በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ ያየ ሰው ቀዳዳዎቹን እንደ ከዋክብት ይቆጥራቸዋል። አንዱ ከቤት ውስጥ በቀጭን ሽቦ ቀዳዳውን ይነካል፤ ሌላው ከላይ ሆኖ በጠመኔ ይከብበዋል። ኮርኒስ ያለው ቤት እንደ ሆነ ብርሃኑ አይታይምና እድፉን አይቶ፣ በአንድ ጥግ ከፍቶ መግባት ያስፈልጋል። ሬንጅም ቢሆን በደረቅና በተጠረገ ቆርቆሮ ላይ እንጂ በእርጥብ ላይ አይዝም። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት አጥንት እንደሚያሰብርም ሳንጠቅስ አናልፍም።

እንግዲህ ሽማግሌው «ዋናው ሥራዬ» ያሉት ይህን ነበር። በጥቅምትና በኅዳር በየቤቱ ዞረው ያያሉ፣ የቆርቆሮውን ቁጥርና የምስማሩን ብዛት በደብተር ይጽፋሉ። ግንቦት ሲደርስ እኛ መሰላል ተሸክመን በየበሩ ስንለምን፣ እሳቸው ማን ቤት ስንት ቆርቆሮ እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ያንኑ ገዝተው ይሄዳሉ።

በዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ሰው በጥቅምት ለጣራ ገንዘብ አያወጣም። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል አውጥቷል፣ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አውጥቷል፤ ሰማዩም ጠርቷል። ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ለማየት ብቻ ትንሽ ዋጋ ነው፤ እርሱም በግንቦት ከሒሳቡ ይቀነሳል። ብዙው ሰው ይስማማል፣ አንዳንዱ በነጻ ካላያችሁ ይላል፤ ለእርሱም እናይለታለን፣ ደብተራችን ውስጥ መግባቱ ራሱ ዋጋ አለውና። የቀበሌ ቤት የሆነ እንደ ሆነ የጥቅምት ጥቅም ይብሳል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከገቡ በኋላ የቀበሌ ቤት ኪራይ አነስተኛ ሆኖ ስለ ቆየ፣ ለእድሳት የሚሆን ገንዘብ አልተረፈም፤ ጣራውን የሚያስጠግነው ብዙ ጊዜ ተከራዩ ነው። ቆርቆሮ ለመለወጥ የወረዳን ፈቃድ መጠየቅ ካስፈለገም፣ ማመልከቻ በጥቅምት ያስገባ ሰው እስከ ግንቦት ድረስ የሚመላለስበት ጊዜ አለው። በሰኔ ያስገባ ግን ሳፋ ይግዛ።

ሁለተኛው የበጋ ሥራ ምርጊት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ አብላጫዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሎኬቱም ኮንዶሚኒየሙም በዝቷል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ቢሆንም የጭቃ ግድግዳ ገና አልጠፋም። ምርጊት ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጭዱም ጤፍ ተወቅቶ በሚያበቃበት በታኅሣሥና በጥር እንደ ልብ ይገኛል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ይቦካል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱ ደንግጦ «አበላሻችሁብኝ» ቢልም ስንጥቁ ለሁለተኛው ምርጊት መያዣ ይሆናልና ጉዳት የለበትም። ይህን አስቀድሞ መናገር ጠብ ያስቀራል።

ጣራ ጠጋኝ ምርጊት ቢሠራ ሥራ አበዛ አይባልም። አሸንዳ የሌለው ጣራ ውሃውን ከግድግዳው ሥር ይጥላል፤ ፍንጣቂው ጭቃውን እየበላ ማገሩን ያጋልጣል። በጥር ግድግዳ የሚመርግ ሰው ከሥር የተበላውን ሲያይ ከላይ የጎደለውን ያውቃል፤ የግንቦት አሸንዳ ሥራ የሚገኘው ከዚህ ነው። በሰሜን አሜሪካ በሞቃቱ ወራት በየቤቱ ሣር የሚያጭዱ ሰዎች በበረዶው ወራት ያንኑ ደጃፍ ይጠርጋሉ። ሥራው ይለያይ እንጂ ደንበኛው አንድ ነው። እኛ በመጀመሪያው ዓመት በጥቅምት ሌላ ሰፈር ሄደን የፎቶ ኮፒ ንግድ ልንሞክር ማሰባችንን ስናስታውስ እናፍራለን።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በንግድ ትምህርት ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን «ሥራ ማስኬጃ» የሚሉት ነገር ለእኛ እቁብ ሆኖልናል። ከሰኔው ገቢ አራተኛውን እጅ ሳንነካ እናስቀምጣለን፤ በየሳምንቱ ለእቁብ የምንጥለው ከዚያ ነው። ዕጣው በኅዳር ቢወጣልን አንደሰትም፤ በኅዳር የያዝነው ብር እስከ ግንቦት እንደማይደርስ እናውቀዋለን። ስለዚህ ከሌላ እቁብተኛ ጋር ተራ ተለዋውጠን ሚያዝያ ላይ እንወስዳለን። በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ጣራውን አንድ ሁለት ጊዜ መትቶ ሰውን አስታውሶልናል፤ ቆርቆሮና ምስማር የምንገዛውም ያን ጊዜ ነው። ቀብድን በሚመለከት ደግሞ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ላለመቀበል ተስማምተናል። የክረምት ዝናብ በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጥል ጠዋት ጠዋት ይሠራ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀን ቆርጦ ቃል መግባት አይቻልም።

የማንቀበለው ሌላም ሥራ አለ፤ ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ተራራ ተደርምሶ ከግርጌው የነበሩትን ቤቶች ቀበራቸው፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ወሩ የክረምት ወር አልነበረም። ከተቀበሩት ቤቶች ጣራቸው ያፈስ የነበረ፣ ለሚመጣው ግንቦት ሊጠገን የታሰበም ሳይኖር አይቀርም። ስለዚህ በበጋ ስንዞር ከጣራው በፊት ከቤቱ በላይ ያለውን እናያለን። የተቆረጠ ገደል ወይም የተቆለለ አፈር ተደግፎ የቆመ ቤት ሲገጥመን ለባለቤቱ ቆርቆሮ አንሸጥለትም፤ የሚያስፈራንን እንነግረዋለን። አንዳንዱ ይቆጣናል። «ታዲያ የት ልሂድ?» ለሚለን መልስ የለንም። ግን ገንዘቡን ተቀብለን ምስማር መምታቱ አልሆነልንም።

በዘንድሮው ጥቅምት 31 ቤት አየን። ከእነዚህ አንዱ ቀብዳቸውን የመለስንላቸው የእኒያ እናት ቤት ነበር። በራቸውን ዘግተን ወደ ላይ ስናይ ከአልጋቸው በላይ አንድም ቀዳዳ አልነበረም። ሦስት የላሉ ምስማሮች ከበሩ አናት ላይ ተገኙ፤ ውሃው ሞራሌውን ይዞ እስከ አልጋው ይሄድ ኖሯል። ምስማሮቹን ያን ዕለት በነጻ መታንላቸው። ሳፋውን ግን ሐምሌ ሳይገባ ከቦታው አላነሣም ብለዋል።