«ድምፅ ማጉያ» እና «ማይክሮፎን»

«ድምፅ ማጉያ» የተባለው ስም «አጎላ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በተለምዶ የሚናገሩበትም የሚሰሙበትም መሣሪያ መጠሪያ ሆኗል። በግብራቸው ግን ሁለቱ ተቃራኒዎች ናቸው፤ ማይክሮፎን ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ስፒከር ደግሞ ምልክቱን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል።

የዚህ መደበላለቅ መዘዝ በቤት ኮምፒውተር ላይ ጎልቶ ይታያል። ማይክሮፎን ያለበትን የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ፣ እርሱ እየሰማ ድምፁ ለሌላው አልደርስ ያለው ሰው «ድምፅ ማጉያውን ይፈትሹ» ቢባል፣ እንከን የሌለበትን አረንጓዴ መሰኪያ ሲነካካ ይውላል፤ የማይክሮፎኑ መሰኪያ ግን በልማድ ሮዝ ነው። መሰኪያው አንድ ብቻ ሆኖ 4 መገናኛዎች ካሉት ደግሞ፣ ለማይክሮፎንና ለማዳመጫ የተለያዩ ቀዳዳዎች ላሉት ኮምፒውተር ለሁለት የሚከፍል ማገናኛ ያሻል።

ስለዚህ የሚናገሩበት «ማይክሮፎን»፣ የሚያሰማው «ድምፅ ማጉያ» ተብሎ ቢለይ፣ ቃሉና ነገሩ ይገጥማሉ።